ምንም የማያውቁ ልጆች

ሳጂድ ስሙን ተጠየቀ። ጣሪያውን አየ፣ የጠያቂውን ካኪ ሱሪ አየ፣ ታብሌቱን አየ፤ ከዚያ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ «አላውቅም» አለ።

የሕፃናትን ዕውቀት ሊፈትን ከጎንደር የመጣው መረጃ ሰብሳቢ ኪዳን በመመሪያው መሠረት ጥያቄውን አንድ ቃል ሳይለውጥ ደገመው። ሳጂድም መልሱን አንድ ቃል ሳይለውጥ ደገመ። ሰፈሩን፣ የእናቱን ስም፣ ቤታቸው ውስጥ ያሉ ሦስት ዕቃዎችን ተጠየቀ፤ አንዱንም አያውቅም። ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ቆርኪዎች ቁጠር ሲባል ደግሞ እዚህ ምንም የለም ብሎ ድርቅ አለ።

ጥግ ላይ የተቀመጠችው የዜሮ ክፍል መምህርት አሰበች ሳቋን ለመደበቅ ሻርፗን አፏ ላይ ጣለች። በፈተናው መካከል እንዳትናገር፣ እንዳትጠቁም፣ እንዳታስልም ጭምር ታዛለች። ሳጂድ በአማርኛም በዓረብኛም የሚቆጥር፣ ወሬው ጆሮ የሚያደነቁር ልጅ ነው። ግን መተማ ዮሐንስ ውስጥ ልጅ ከእናቱ ጡት ጋር የሚጠባው አንድ ምክር አለ፤ ካኪ የለበሰ እንግዳ ስለ ቤትህ ከጠየቀህ ምንም አታውቅም። ድንበር ላይ ያለ ቤት መቼም አልጋው ሥር አንዳች ነገር አያጣም፤ የጉምሩክ ፈታሽ ደግሞ ከአዋቂ ይልቅ ልጅ ማባበል ይቀናዋል።

ይህን ለኪዳን ልትነግረው ትችል ነበር። አልነገረችውም። በየወረዳው በአንድ ዓይነት ጥያቄ የሚሰበሰበው መረጃ ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ ልጆቹ ከሁሉም ወደ ኋላ የቀሩበት ክፍል ረዳት መምህርት እንደሚያገኝ ሰምታለች። አሰበች ሰማንያ ምናምን ሕፃናት ብቻዋን ይዛ፣ አንዱን ስታናፍጥ ሌላው በመስኮት እየዘለለ፣ በቆላው ሙቀት ስትቀቀል ሦስት ዓመቷ ነው። ረዳት ማለት ለእሷ ሽንት ቤት ደርሶ መመለስ ማለት ነው። ስለዚህ አፏን ዘጋች። ልጆቹም ማንም ሳያስጠናቸው፣ ተራ በተራ እየገቡ ድንቁርናቸውን በሚያኮራ ብቃት አሳዩ። አየሁሽ የምትባለውማ ስሟን ስትጠየቅ የጎረቤቷን ልጅ ስም ሰጥታ ወጣች።

ለእረፍት ሲወጡ ኪዳን ላቡን እየጠረገ አጠገቧ ቆመ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እንዲያውም ሆዱ የባባ ይመስላል። ከዚህ በፊት የፈተናቸው የሳንጃም የአብርሃ ጅራም ከተማ ልጆች ቢያንስ ስማቸውን እንደሚያውቁ ነገራትና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አይቀየሙኝ መምህርት። እነዚህ ልጆች አስተማሪ ኖሯቸው ያውቃል?»

የአሰበች ደም ፈላ። ይህን ሁሉ ጊዜ በጠጠርና በማሽላ አገዳ ቁጥር ያስጠናችው ይህን ለመስማት ነው? ረዳቱ ገደል ይግባ አለች በሆዷ። የቀረችው ተፈታኝ የገዛ ልጇ ሃይሚ ናት፤ በዕጣ የመረጣት ታብሌቱ ነው እንጂ የእናቷ እጅ የለበትም። ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር ጠራቻትና ጎንበስ አለች።

«ሃይምዬ፣ ይሄ ሰውዬ ፈታሽ አይዶለም። የጠየቀሽን ምንም ሳትደብቂ ንገሪው።»

«ሁሉን?»

«ሁሉን።»

ሃይሚ ገባች። ካኪ ለባሽ ልጆቹን ይጠይቃል የሚለው ወሬ ስለተሰማ መስኮቱ በእናቶች ራስ ተሞልቷል፤ ከፊት የሳጂድ እናት ረፊቃ አለች። ሃይሚ ስሟን እስከ አያቷ ተናገረች፤ ሰፈሯን ከነአቋራጩ አስረዳች። የእናቷ ደረት በኩራት ተነፋ። ኪዳንም ፊቱ በርቶ፣ ቤታችሁ ውስጥ ያሉ ሦስት ዕቃዎችን ንገሪኝ አላት።

«ስኳር» አለች ሃይሚ። «ስኳር። ስኳር።»

ዕቃዎቹ የተለያዩ መሆን እንዳለባቸው ከመመሪያው አነበበላት። ልጅቱ ጥቂት አሰላሰለች።

«አልጋው ሥር ስኳር። ጎተራው ውስጥ ሽቶ። ከቁም ሳጥኑ ኋላ አጎቴ የደበቀው ሻይ ቅጠል።»

ኪዳን ሦስቱንም ትክክል ብሎ ታብሌቱን ነካ።  አጎቷ፣ የአሰበች ወንድም ትዕዛዙ፣ ዕቃውን ለአንድ ሌሊት ብሎ ካስቀመጠው ክረምት አልፏል። አሰበች መናገር አትችልም፤ ማሳል እንኳ ክልክል ነው።

«ከአንድ ጀምረሽ፣ እስከምትችይው ድረስ ቁጠሪ» አለ ኪዳን።

ሃይሚ ጣቶቿን ዘረጋችና ቆም አለች፤ ነገሩን ማጥራት ፈልጋለች።

«ጆንያውን? የኛን ቤት ብቻ ነው፣ የነሳጂድንም ጨምሬ?»

ኪዳን መመሪያውን ከላይ እስከ ታች ፈለገበት። ለዚህ የተጻፈ ነገር የለም። የተፈቀደለት ጥያቄውን መድገም ብቻ ነው።

«እስከምትችይው ድረስ።»

ሃይሚ በጠራ ድምፅ ጀመረች። ስምንት ላይ ረፊቃ ከመስኮቱ ጠፋች። አሥራ አንድ ላይ ሌላዋ፣ ከዚያም ሌላዋ፤ በደጁ የነጠላ ጫማ ሩጫ ተሰማ። ሃያ ላይ መስኮቱ ባዶ ሆኖ ክፍሉ በብርሃን ተሞላ።

አሰበችም ብድግ አለች። ቤቷ ቅርብ ነው፤ ብትሮጥ ከሁሉም ቀድማ ደርሳ ዕቃውን ታሸሻለች። ሃይሚ ግን ሃያ ስምንትን አልፋ ሃያ ዘጠኝ ላይ ደርሳለች። እዚህች ቦታ ሁልጊዜ ትሰናከላለች፤ ሃያ አሥር እያለች እናቷን ከወር በላይ ስታንገላታት ከርማለች። ልጅቱ ዓይኗን ወደ እናቷ አነሳች። አሰበች ትንፋሿን ይዛ መልሳ ተቀመጠች።

«ሠላሳ» አለች ሃይሚ።