ጠብ አይሌ የገጠመው ገንዳ

የትርፍ ውሃ ማፍሰሻው ክዳን ከገንዳው ከንፈር አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ በሁለት ብሎን ታስሯል። ብሎኖቹ ዝገው ከብረቱ ጋር አንድ ሆነዋል። ታናሺቱ ዘይት አንጠባጥባባቸው፣ ካቻቢቴዋን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ «ኧረ በእናትህ እሺ በል!» እያለች ስትለማመጠው አንደኛው እያቃሰተ ዞረ። የሁለተኛው አናት ተቆርጦ መዳፏ ላይ ቀረ። ሰደበችው። ቧንቧ ሠራተኛ ብሎን ቢሰድብ ነውር የለውም።

ገንዳው ከእሷ በዕድሜ ይበልጣል። ውስጡ ነጭ፣ ጠርዙ የተላላጠ ከባድ የብረት ገንዳ ነው። አባቷ ከሚፈርስ ቤት ገዝቶ፣ በጎረምሶች አሸክሞ ፎቅ ላይ አውጥቶ፣ በገዛ እጁ ገጠመው። እሱ ከሞተ ዓመት አልፎታል። እናቷ ዳሌዋ ስለማይታዘዝላት በሳምንት አንዴ ሙቅ ውሃ ውስጥ ካልተዘፈዘፈች እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም፤ ማፍሰሻው ደግሞ በስብሷል። እናም ታናሺቱ ዛሬ የሰው ሥራ ትታ፣ አሮጌውን ቱቦ ከነጎማው ነቅላ በአዲስ ልትተካ መጥታለች። ከሰዓት በኋላ ታላቅ እህቷ ስትደርስ ገንዳው ዝግጁ መሆን አለበት።

ታላቂቱ በየሳምንቱ እናቷን ልታጥብ ትመጣለች። አግብታም፣ ወልዳም፣ ታማም ቀርታ አታውቅም። ምክንያቱን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል። ልጅ ሳለች ገንዳውን ልትሞላ ቧንቧውን ከፍታ ረሳችው፤ ውሃው ሞልቶ ፈሰሰ፤ የምድር ቤቱ ኮርኒስ ርሶ እናቷ ላይ ተደረመሰና ዳሌዋን ሰበራት። «ዘግቼው ነበር!» እያለች አልቅሳለች። ደረጃውን መጀመሪያ ሮጦ የወጣው አባቷ ግን «ክፍት ነው ያገኘሁት» አለ። ከአባት ቃል በላይ ማን ይታመናል? ከዚያ ወዲያ ሻይ ስትጥድ «እንዳትረሺው»፣ ከቤት ስትወጣ «ዛሬስ ምን ረሳሽ?» ሆነ። ቀልድ ነው፤ ሁሉም ይስቃል፣ እሷም አብራ ትስቃለች። እየቆየ ራሷም አመነችው። ዛሬም ድረስ ውሃ ስትቀዳ እጇን ከቧንቧው ላይ አታነሳም።

ክዳኑ ሲነሳ ከኋላው ቀዳዳ መታየት ነበረበት። የታየው ቆርቆሮ ነው። በቀዳዳው ልክ ተቆርጦ፣ ዙሪያውን ቃጫ ተጠምጥሞበት፣ በሻማ ተለስኗል። ታናሺቱ ሻማውን ስታይ ሳቋ መጣ። ሌላው ሠራተኛ ቃጫ ላይ ቀለም ይቀባል፤ በሻማ የሚለስን እሷ የምታውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሙያውን ያስተማራትም እሱ ነው። «አባዬ፣ የትርፍ ውሃ መውጫ ይደፈናል እንዴ?» አለች ለባዶው ክፍል። እሷ ብትደፍነው ኖሮ ጆሮዋን ይጠመዝዘው ነበር።

ነገሩ ስላልገባት ከገንዳው ጎን ያለውን የእንጨት መዝጊያ ፈትታ፣ በሆዷ ተኝታ ባትሪ አበራች።

የትርፍ ውሃው ቱቦ ከላይ ወርዶ፣ ከዋናው ማፍሰሻ ሊገናኝ ሁለት ጣት ሲቀረው አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ወልቆ ይሆናል ብላ ጫፉን ዳበሰችው። ጥርሱ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ ማያያዣው ዳዶ አልዞረበትም፣ ቃጫ አልነካውም። ዳዶው ራሱ አጠገቡ እንጨት ላይ፣ ከነተጠቀለለበት ወረቀት ተቀምጧል። ከቱቦው አፍ ሥር ያለው እንጨት ጠቁሯል። በጥፍሯ ስትነካው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ።

ክው አለች።

አባቷን ሰፈርተኛው «ጠብ አይሌ» ይለው ነበር። እሱ የነካው ቧንቧ ጠብ አይልማ! ሰው ቤት ሲሠራ ገንዳውን እስከ ትርፍ መውጫው ሞልቶ፣ ሥሩ ተኝቶ በደረቅ ጨርቅ ሳይዳብስ አይወጣም። የራሱ ቤት ሲሆን ግን «ነገ እጨርሰዋለሁ» ነው፤ ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ይጠራዋል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባል የለ? ይህን ገንዳ ሳይሞክር ትቶት ሄዷል። ከፍ አድርገው በሞሉት ቁጥር ትርፉ ውሃ ወለሉ ውስጥ ሲወርድ፣ ኮርኒሱም ሲጠጣው ከርሟል።

ድንገት ትዝ አላት። ኮርኒሱ የተደረመሰ ቀን፣ ትንሽ ልጅ ሆና፣ ከአባቷ ኋላ ደረጃውን ወጥታ ይህንን ወለል በባዶ እግሯ ረግጣለች። ደረቅ ነበር። ገንዳ ሞልቶ የፈሰሰበት ወለል እንዴት ደረቅ ይሆናል? እሱም አይቶታል። አይቶት ነው «ክፍት ነው ያገኘሁት» ያለው፤ አይቶት ነው በኋላ የደፈነው።

ቆርቆሮውን ይዛ ወደ መኝታ ቤቱ ገባች። እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፎጣ ታጥፋለች።

«እማዬ፣ እትዬ ውሃውን አልረሳችም። አባዬ ነው...» ቆርቆሮውን ዘረጋችላት።

እናት ቆርቆሮውን አየችው። አልደነገጠችም። ታናሺቱን ከሁሉ በላይ ያስደነገጣት ይኸው ነው።

«በእኔ መቀስ ነው የቆረጠው» አለች እናት። «መቀሴን አደነዘው። ምን ልትሠራበት ነው ብዬ ብይዘው፣ እዚሁ አልጋ ሥር ተንበርክኮ እያለቀሰ ነገረኝ።»

«ታውቂ ነበር?»

«ምን ላድርግ? ቧንቧ ሠሪው የገዛ ቤቱን በውሃ አፈረሰ ቢባል ማን ይጠራዋል? እኔ ተሰብሬ ተኝቻለሁ፣ እናንተ አፋችሁን ከፍታችሁ ትጠብቃላችሁ። ልጅ ናት፣ ይረሳላታል አልን። ሲቆይ ደግሞ ከየት ይጀመራል? ዝም አይነቅዝም።»

«ሂጂና ወለሉን እዪው፣ ነቅዟል!»

«ቀስ በዪ፣ ጎረቤት ይሰማል። ገጣጥመሽ ዝጊው። የሞተ ሰው ስም አይነሳ። እሷም ለምዳዋለች።»

ለምዳዋለች! ተመልሳ አዲሱን ቱቦ ገጠመች። ዳዶውን አጠበቀች፣ ገንዳውን እስከ ትርፍ መውጫው ሞልታ ሥሩን በደረቅ ጨርቅ ዳበሰች። ጠብ አላለም። ከዚያ መዝጊያውን አንስታ በእጇ ይዛ ቀረች። አሁን ብትዘጋው ማንም አያውቅም። አባቷን ትወደው ነበር፤ አሁንም ትወደዋለች፤ ያ ነው የሚያናድዳት። እሷንስ ሰው ሥራ ሲጠራት «የጠብ አይሌ ልጅ» ብሎ አይደል? ይህ ነገር ከዚህ ቤት ከወጣ የእሱ ስም ሲጎድፍ የእሷም ይጎድፋል። መዝጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ተወችው።

ታላቂቱ ሳሙናና ንጹሕ ልብስ የያዘ ቦርሳ አንጠልጥላ፣ እያለከለከች ገባች። «ጠብ አይሊት! ጨረስሽልን?» ብላ የታናሿን ጉንጭ ሳመች። ወደ መኝታ ቤቱ አልፋ እናቷ ፊት ተንበርክካ ካልሲዋን ማውለቅ ጀመረች። «ሙቁን አንቺ ጨምሪበት፣ እኔ ላይ እምነት የለም» አለችና ሳቀች።

ታናሺቱ ተከትላት ገባች፤ አልሳቀችም።

«እትዬ፣ ዘግተሽው ነበር።»

«ምኑን?»

«ያኔ። ውሃውን። አባዬ የትርፉን ቱቦ ሳይገጥመው ነው የተወው፤ ውሃው በውስጥ በውስጥ ነው ኮርኒሱን የበላው። አንቺ አልረሳሽም። ነይና በዓይንሽ እዪው።»

ታላቂቱ አፏን ከፍታ አየቻት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አባቷን አልረገመችም፣ ለምን ብላም አልጠየቀች። ፊቷን ወደ እናቷ ቀና አደረገች፤ የምሥራች ይዛ ከትምህርት ቤት እንደመጣች ልጅ ፊቷ በራ።

«እማዬ፣ ሰማሽ? ዘግቼው ነበር! ስልሽ አልነበር? ዘግቼው ነበር እኮ!»

እናት ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች።

«እማዬ?»

የእናት ጣቶች የታጠፈውን ፎጣ መልሰው ያጥፋሉ።

ታላቂቱ የእናቷን ባዶ እግር ጭኗ ላይ እንደያዘች ቆየች። ፈገግታው ከፊቷ ላይ ቶሎ አልጠፋም፤ እናቷ ታውቅ እንደነበር እየገባት ሲመጣ ጥቂት በጥቂት ነው የሄደው። ከዚያ ያወለቀችውን ካልሲ ከወለሉ አነሳች፣ አራገፈችው፣ ተረከዟን እንዳያማት ቀስ ብላ፣ ሳታጥባት፣ መልሳ አለበሰቻት።