ካሳዬ ቤቱን የገዘተ ለት

የቦምቦሊኖ ጠባሽ ባል በስኳር በሽታ ተያዘ ሲባል ሰው ቀልድ ይመስለዋል። የቦሌ ሚካኤል ሠፈር ሰውም መጀመሪያ ላይ እንደ ቀልድ ነው የተቀባበለው። ካሳዬ ራሱ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ፋይል ሲያወጣና ሲመልስ የኖረው ቁም ነገረኛ ሰው፣ በሽታው የተነገረው ለት ስቆ ነበር። ሳቁ የቆመው በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ የግራ እግሩ ትንሿ ጣት ጠቁራ በተቆረጠች ጊዜ ነው።

ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም፤ ቤቱን የሚያደርሰው የሚስቱ የዘርፌ መጥበሻ ነው። ሳይነጋ ተነሥታ ሊጡን ታቦካለች፣ ልጃቸው ምንትዋብ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት እያድቦለቦለች ታቀብላታለች፣ ዘይቱ ሲንጫጫ ሽታው ጓዳውን አልፎ መኝታ ቤት ይገባል። ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ለሥራ የሚያልፈው ሁሉ ትኩስ ትኩሱን በጋዜጣ አስጠቅልሎ ይሄዳል። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በኮታ የሚሰፈርበት ዘመን ስለሆነ ዘርፌ ስኳሯን በባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ አድርጋ ጓዳ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ትቆልፍበታለች። ቁልፉን አንገቷ ላይ ከማተቧ ጋር አስራዋለች። መጀመሪያ የቆለፈችው ከአይጥና ከጎረቤት ነበር፤ ኋላ ከባሏ ሆነ።

ቀኑስ ይሁን፣ ቀን ሥራ አለ። ለካሳዬ መከራው የሚጀምረው አመሻሽ ላይ ነው። ከገበያ የተረፈው ቦምቦሊኖ በሰፌድ ይቀርባል፣ ሻይ ይቀዳል፣ የዘርፌ ወንድም ዱባለ ከገርጂ ይመጣል። ዱባለ ክፉ ሰው አይደለም፤ ብቻውን መብላት የማይሆንለት ሰው ነው። አንዱን ለሁለት ይገምስና ስኳሩ ከጣቱ እየረገፈ ወደ ካሳዬ አፍ ያስጠጋዋል። አፈር ስሆን፣ ይላል። በሞቴ፣ ይቺ ምን ታደርግሃለች፣ ይላል። አማች የዘረጋውን ጉርሻ መመለስ እንዴት ያለ ጭንቅ እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ካሳዬ አንዳንድ ቀን ይመልሳል፣ አንዳንድ ቀን ይሉኝታ ይዞት ይጎርሳል። እሱ ይሉኝታ ይለዋል እንጂ የጎረሰው ስለፈለገ ነው።

የመለሰ ቀን ወጥቶ ደጅ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ከውስጥ ሳቃቸውና የሻይ ማንኪያው ድምፅ ይሰማዋል። ምንትዋብ ጣቷን ስትልስ በመስኮት ያያታል። በዚያች ሰዓት የገዛ ልጁን ይጠላታል። ሚስቱንም ይጠላታል፣ ዱባለንማ ተወው። ከዚያ ደግሞ ራሱን ይጠላና ተነሥቶ ይገባል። እነሱስ ምን ያድርጉ? ቤት ሙሉ ሰው ለአንድ በሽተኛ ሲባል ደረቅ ቂጣ እያኘከ አይኖርም።

ሆስፒታል የሚያየው ሐኪም ኩባዊ ነበር። በነርሷ አስተርጓሚነት ስኳሩን የሚያወርደውን መርፌ ራሱን በራሱ መውጋት ካስተማረው በኋላ አንድ ነገር አስጠነቀቀው። መርፌ ወስደህ ምግብ ካልበላህ ስኳሩ ከልክ በታች ይወርዳል፤ ያልብሃል፣ ትንቀጠቀጣለህ፣ ዓይንህ ይጨልማል፣ ያን ጊዜ ቶሎ ስኳር ካልቀመስክ ትሞታለህ አለው። ሌላ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ካሳዬ ግን ደስ አለው፤ መንገድ አገኘ።

ግንቦት ላይ አንድ ቀን «ወረደብኝ» ብሎ ወደቀ። ዘርፌ ሦስት ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣችው። በሳምንቱ ደግሞ ወረደበት። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነውና ሰኔ ሳይጋመስ አራት ጊዜ ወረደበት። በአምስተኛው ምንትዋብ ከጓሮ በርሜሉ አጠገብ ቆሞ ግንባሩን በውሃ ሲያረጥብ አገኘችው። እየተንገዳገደ ገብቶ ማቃሰት ሲጀምር ለእናቷ በጆሮዋ ነገረቻት። ዘርፌ ያን ለት ቁም ሣጥኑን አልከፈተችም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች። ካሳዬ ከተወለደ ጀምሮ እንደዚያ አፍሮ አያውቅም።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሐኪሙ የግራ እግሩን አውራ ጣት ተጫነና ምን እንደተሰማው ጠየቀው። ምንም አልተሰማውም። ነርሷ የሐኪሙን ቃል ስትተረጉምለት ዓይኑን አላየችውም። ለነሐሴ ሃያ ትመለሳለህ፤ እስከዚያ ስኳሩ ካልተስተካከለ እግርህ ከቁርጭምጭሚቱ ይቆረጣል አለችው።

የዚያኑ ዕለት ማታ ቤተሰቡን ሰበሰበ። ዱባለም ነበር። ካሳዬ በምክርና በሐኪም ትእዛዝ ራሱን መግዛት እንዳቃተው ካወቀ ቆይቷል። ሚስቱ እንደምታዝንለት፣ እሱም ያንን ኀዘኗን እንደሚጠቀምበት ያውቃል። ቤቱ ሁሉ የሚፈራው አንድ ነገር ቀርቶታል፤ ያንን ሊያወጣው ቆመ።

«ስሙኝ» አለ። «ዛሬ ልቦናዬ ሳለ ነው የምናገረው። ነገ ብለምናችሁ፣ ባለቅስ፣ እግራችሁ ላይ ብወድቅ ጣፋጭ ነገር እንዳትሰጡኝ። የሰጠኝን ሰው በሚካኤል ገዝቼዋለሁ።»

ዱባለ የያዘውን ቦምቦሊኖ መልሶ ሰፌዱ ላይ አስቀመጠው። ግዝት በዚህ ቤት እንደዋዛ የሚነገር ነገር አልነበረም። ዘርፌ ያደገችው አጎቷ ግዝት ጥሶ በዓመቱ ከነልጁ አለቀ ሲባል እየሰማች ነው።

«ሞትኩ ብትልስ?» አለች ዘርፌ።

«ሞትኩ ብልም።»

ሐኪሙ ያስተማረውን ረስቶት አይደለም። ያቺን ቀዳዳ ክፍት ከተዋት ነገ ተመልሶ እንደሚገባባት ስለሚያውቅ ነው የደፈናት። ሦስቱንም አሜን አሰኛቸው፤ ዘርፌ አሜን ያለችው በመጨረሻ ነው።

ግዝቱ ሠራ። ዱባለ መምጣቱን ቀነሰ፣ ሻዩ ያለ ስኳር ሆነ፣ እናትና ልጅ ሲያምራቸው ጓዳ ገብተው በሩን ገርበብ አድርገው ይበሉ ጀመር። ካሳዬ ግን ማኘካቸውን ሳይቀር ይሰማል። ድሮ አጠገቡ ሲበሉ ይናደድ ነበር፤ አሁን ተደብቀውበት ሲበሉ ባሰበት። በገዛ ቤቱ እንደ ሌባ የሚጠበቅ ሰው ሆነ፣ ጠብቁኝ ያለውም ራሱ ነው።

ነሐሴ ሲብት ፍልሰታ ገባ። ቤቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል፤ ዘርፌ ከቅዳሴ መውጫ ሰዓት በፊት የጾም ቦምቦሊኖ ጠብሳ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ትሸጣለች። ንስሐ አባታቸው አባ አምደሚካኤል ካሳዬን በሽተኛ ነህና አትጹም ብለውታል። ስለዚህ በየጠዋቱ ቅንጬ በሳህን ተከድኖ ይቆየዋል። እሱ ግን ሌላ አሰበ። አርባ ዓመት ሁዳዴን የጾመ ሰው ነው፤ በጾም ወራት ሥጋ አማረኝ፣ ቅቤ አማረኝ ብሎ አያውቅም። ለእግዜር ሲሆን የሚዘጋ አፍ ለሐኪም ሲሆን ለምን ይከፈታል? እንግዲያው የሐኪሙን ትእዛዝ ጾም አደርገዋለሁ አለ።

ይህ የሚናገረው ምክንያት ነው። የማይናገረው ደግሞ አለ። በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማንም አይበላም። ቦምቦሊኖው ሰፌድ ላይ ተከምሮ እናትና ልጅም እንደሱ ያዩታል እንጂ አይነኩትም። በሽታው ከያዘው ከሦስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤተሰቡ እኩል ሆነ፤ ይህ እኩልነት ከማርም በላይ ጣፈጠው። የዓመት ፈቃዱን ወስዶ ቤት ዋለ። ጠዋት መርፌውን እንደታዘዘው ይወጋል፣ ቅንጬውን በአጥር አሾልኮ ለጎረቤት ዶሮዎች ይበትናል፣ ባዶ ሳህኑን ለምንትዋብ ይመልሳል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያል። ለማንም ትንፍሽ አላለም። አምስት ቀን በሰላም አለፈ፤ ስለቀለለው እግሬ ሊድን ነው ብሎም ተስፋ አደረገ።

በስድስተኛው ቀን ሰባት ሰዓት ገደማ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ነበር። ልቡ ድንገት በኃይል መምታት ጀመረ። ሸሚዙ በላብ ተጣበቀ። እጁን አንሥቶ ሲያየው ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ያሰበው ነገር ያሳዝናል፤ እየዋሸሁ ይሆን እንዴ ብሎ ራሱን ጠረጠረ። ግንባሩን ዳሰሰ፤ ላብ ነው፣ ያላረጠበው የገዛ ላቡ ነው። ያን ጊዜ ፈራ።

ግድግዳውን እየተደገፈ ጓዳ ደረሰ። ዘርፌ መጥበሻው ላይ አጎንብሳለች፣ ምንትዋብ የወጣውን ስኳር ላይ እያንከባለለች ሰፌድ ላይ ትደረድራለች። «ወረደብኝ» አላቸው። ሁለቱም ቀና ብለው አዩት፣ ከዚያ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ያ አስተያየት ገደለው።

አልበላሁም ሊላቸው ፈለገ። ምላሱ ግን ተሳሰረ፤ የወጣው ቃል ለራሱም አልገባውም። ምንትዋብ ለእናቷ፣ ቅንጬውን በልተዋል፣ ሳህኑን እኔ ነኝ ያጠብኩት አለቻት። ዶሮ፣ ዶሮ አለ ካሳዬ። ዘርፌ ስለ ምን ዶሮ እንደሚያወራ አልገባትም፤ እንዲያውም ይህ አዲስ ብልሃት ነው ብላ አዘነች።

እጁን ወደ ሰፌዱ ሰደደ። አንዱን ያዘ። ምንትዋብ ዘላ እጁን ጨበጠችው። እያለቀሰች፣ ጣቱን አንድ በአንድ እየፈለቀቀች አስለቀቀችው። ጉልበት አልነበረውም። መዳፉ ላይ የቀረውን ስኳር ወደ አፉ ሊወስድ ሲል በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«አባባ፣ እግርዎን ይቆርጡታል» አለችው። «እርስዎ አይደሉ የገዘቱን?»

ጉልበቱ ከዳውና መሬት ላይ ተቀመጠ። ልጁ አጠገቡ ተንበርክካ ሁለት እጁን አጥብቃ ይዛለች። ፍቅሯ ነው፤ ፍቅሯ እየገደለው እንደሆነ ያውቃል፣ ግን መናገር አልቻለም። መላቀቂያ እንዳይኖረው አድርጎ ያሰረው ራሱ ነው። መጥበሻው፣ ሰፌዱ፣ የልጁ ፊት እየራቁበት ሄዱ። ሚካኤልን ሊጠራ ፈለገና አፈረ፤ በሱ ስም ነው አፉን ያዘጋው። የልጁ እጅ ላላ ሲልለት ወደ ሚስቱ እግር በደረቱ ተሳበ፣ የቀሚሷን ጫፍ ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ዘርፌ ምንትዋብን ውጪ አለቻት። ልጅቱ እምቢ አለች፤ እማዬ ግዝት ነው፣ እማዬ እንዳታደርጊው አለቻት። ዘርፌ ትከሻዋን ይዛ አስወጣቻትና በሩን ቀረቀረች። የአንገቷን ቁልፍ ስታወጣ ማተቧ ተበጠሰ። ለማንከባለያ የወጣችው ስኳር አልቃ ነበርና ከቁም ሣጥኑ ጣሳውን አወረደች፣ በብርጭቆ ውሃ ጨምራ በጠበጠች፣ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ በጥቂት በጥቂቱ አፉ ውስጥ ጠብ አደረገችለት። መጀመሪያው በአገጩ ፈሰሰ። ኋላ ዋጠ።

ሩብ ሰዓት ያህል አለፈ። የዝናቡ ድምፅ ተመለሰለት፣ ከዚያ የጣራው ቆርቆሮ፣ ከዚያ የሚስቱ ፊት። ምንትዋብ ከውጪ በሩን እየደበደበች ነው። ካሳዬ ምላሱ ሲፈታ ሁሉንም ነገራት፤ ጾሙን፣ ቅንጬውን፣ ዶሮዎቹን። ሐኪሙ ያለው ሞት ይህ ነበር፣ አንቺ ባትደርሺልኝ አልቆልኝ ነበር አላት። ዘርፌ ስትሰማው ፊቷ አመድ መሰለ፤ ደስ ይላታል ብሎ ጠብቆ ነበርና ካሳዬ ግራ ገባው።

«አምነሽኝ ነው የሰጠሽኝ?» ብሎ ጠየቃት።

የተበጠሰውን ማተብ ጣቷ ላይ እየጠመጠመች ነበር።

«አላመንኩህም» አለች። «እንደ ሌላው ጊዜ የምትዋሽ ነው የመሰለኝ። እግርህን በገዛ እጄ እየቆረጥኩት መስሎኝ ነው የሰጠሁህ። ለቅሶህን መስማት አቃተኝ፣ ይቆረጥ አልኩ።»

ካሳዬ ጭኗ ላይ እንደተኛ ነበር። ለነሐሴ ሃያ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ነገም፣ ከነገ ወዲያም ያምረዋል፤ ሲያምረው እንደሚያለቅስ፣ ሲያለቅስ እሷ እንደምትከፍትለት ሁለቱም አወቁ። ከእንግዲህ በማን ስም ይገዝታት? ሊያመሰግናት አፉን ከፈተና የወጣው ለቅሶ ሆነ፤ ይህኛውን እውነተኛ ለቅሶ ከውሸቱ መለየት ለሷ እንዴት ይቻላታል ብሎ አሰበና ባሰበት። እሷም አብራው አለቀሰች።

መጥበሻው ላይ የቀሩት ቦምቦሊኖዎች ከስለው ጓዳውን ጭስ ሞላው። ምንትዋብ ከውጪ ክፈቱልኝ እያለች ትጮኻለች። ሁለቱም አልተነሡም።