ወለሉን ማን አዘመመው?

በጋሮዶች የገበሬ ቤት ፎቅ ላይ ፖም ብታስቀምጡ ራሱ ተንከባሎ ከምሥራቁ ግድግዳ ሥር ይደርሳል። ባልና ሚስቱ ሳይንሸራተቱ የሚያድሩት የአልጋው ሁለት እግሮች በጡብ ተደግፈው ነው። ጥፋተኛው ደግሞ የታወቀ ነው፤ ባልየው ኤሞስ። በተጋቡ በሳምንቱ ለሚስቱ ለሄስተር እናቷ የሰጧት ቁምሳጥን አላልፍ ቢል፣ ሰውየው መጋዝ አንስቶ የምሰሶውን ሰያፍ ደጋፊ ቆርጦ ጣለው።

ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሄስተር በክርክር ተረትታ አታውቅም። ኬኩ አርሮ ኤሞስ ቅር ካለው፣ "ቤት ከማዝመም ኬክ ማሳረር ይሻላል" ትላለች። በረቱን ሳትዘጊ ቀረሽ ካላት፣ "ደጋፊውን ማን ቆረጠው?" ትላለች፤ እሱም ቆቡን አንስቶ ወደ በጎቹ ይሄዳል። እውነቱን ለመናገር፣ ያለዚህ ነገር እንዴት እንደምትኖር አታውቅም።

ታዲያ አርፋ አትቀመጥም፤ የድሮ ቤቶችን የሚመዘግቡት አቶ ለሚስ በሰፎክ አውራጃ እንደሚዞሩ ስትሰማ ራሷ ጠራቻቸው። የተማረ ሰው ይፍረድበት ብላ ነው።

አቶ ለሚስ ባትሪያቸውን ይዘው ከምሰሶ ምሰሶ ሲድሁ ቆዩና አቧራ ለብሰው ተነሡ።

"ወይዘሮ ጋሮድ፣ እነዚህን በመሮ የተፈለፈሉ ጭረቶች ያዩዋቸዋል? የድሮ አናጺዎች ቤቱን መሬት ላይ ገጣጥመው ለያንዳንዱ እንጨት ቁጥር ይሰጡ ነበር፣ ሲያቆሙት እንዳይምታታባቸው። የእርስዎ ግን ተምታቷል። ሦስተኛው ምሰሶ በሁለተኛው ቦታ ቆሟል፤ በስንዝር ያጥራል። ያን ቀን ለአናጺዎቹ ቢራው ከሥራው ቀድሞ ደርሷቸው ይሆናል። ቤቱ የዘመመው በቆመበት ዕለት ነው፤ አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው።"

"ባሌ የቆረጠውስ?"

"ደጋፊውማ ምንም አልተሸከመም ነበር።"

ሄስተር ክው አለች። ከዚህ ወዲያ በምን አፏ ትከራከራለች?

"እባክዎ አቶ ለሚስ፣ ይቺን ለኤሞስ አይንገሩብኝ። ሻይ ላፍላ፣ ኬክም አለ። መዝገብዎ ላይ እንደፈለጉ ይጻፉት፤ እሱ መዝገብ አያነብም።"

"ቁጥር ግን አነባለሁ" አለ ኤሞስ ከደረጃው አፍ። "ደጋፊውን ስቆርጥ ነው ያየኋቸው።"

"ያኔ?" አለች ሄስተር። "ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ስጨቀጭቅህ ዝም ያልከው ምን ሆነህ ነው?"

ኤሞስ ራሱን አከከ። "ይሄ ባይኖር ሌላ ትፈልጊ ነበራ። ይሄንንስ ለምጄዋለሁ።"

ሄስተር አፈረች፤ ከልቧ አፈረች። ይቅር በለኝ ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉን ተለማምዳው ስለማታውቅ አልወጣ አላት። ዓይኗ እግሩ ላይ ወደቀ። የበረቱን ጭቃ በተወለወለው ደረጃ ላይ ሁሉ እያንጠባጠበ ወጥቷል።

"ጫማህስ?" አለችው በቀስታ።

ኤሞስ እፎይ ብሎ ወደ አቶ ለሚስ ዞረ። "ይኸው፤ የፈራሁት ደረሰ" አለ፣ ጫማውን ሊያወልቅ ደረጃው ላይ እየተቀመጠ።