ወንዴው ቁጥቋጦ

ሰፈሩ የተቆረቆረበት መሬት ጨዋማ ስለነበር የተተከለው ሁሉ ይደርቅ ነበር። ችግኝ ጣቢያ የሚሠራ አንድ አባወራ ግን ጨው የሚችል ቁጥቋጦ አምጥቶ መንገዱንም፣ ግቢውንም፣ የትምህርት ቤቱንም አጥር አረንጓዴ አለበሰው። ሰዉም «እጅህ ይባረክ» አለው።

ቁጥቋጦው ወንዴና ሴቴው ለየብቻ የሚበቅል ነው። ሴቴዋ ዘሯን እያራገፈች ደጅ ታቆሽሻለች ብሎ፣ ለችግኝ የሚሆነውን ቅርንጫፍ የቆረጠው ከወንዴው ብቻ ነበር። ብልጥ መሆኑ ነው። ሰፈሩም ጽድት አለ።

በሦስተኛው ዓመት አበባው ፈነዳ፤ ብናኝ የሚበትነው ደግሞ ወንዴው ነው። ቢጫ ብናኙ የታጠበ ልብስ ላይ፣ መስኮት ላይ፣ ትራስ ላይ አረፈ። ሴት ልጁን አስም አጣደፋት። ሐኪሟ የሚያስነሳባትን ለመለየት የየአበባውን ብናኝ ክንዷ ላይ ጠብ ጠብ አድርጋ በመርፌ ጫር ጫር አደረገችው። አንዱ ቦታ ብቻ ቀልቶ አበጠ።

«ይሄ የምንድን ነው?» አለ አባት፣ ልቡ እያወቀው።

«የጨው ቁጥቋጦ ነው። ቤታችሁ አጠገብ አለ እንዴ?»

 የዚያኑ ቀን መጥረቢያ ይዞ ከመስኮቷ ሥር መመንጠር ጀመረ። ሰፈሩ ግን ሙሉ ነበር፤ ልጅቷም እስኪጨርስ አልጠበቀችውም።

ከቀብሩ በሳምንቱ መቃብሯ ዘንድ ሲሄድ የሥራ ባልደረቦቹ ቀድመውታል። ይህ አፈር ሌላ አያጸድቅም ብለው ከራስጌዋ ሁለት ችግኝ ተክለዋል።

«አንተ ከመረጥከው ነው የቆረጥነው» አለው አንዱ፣ ትከሻውን አቅፎ። «አይዞህ፣ ዘር እንኳ አይጥልባትም።»