ጋዜጣ ላይ ያረፈችው የዘይት ጠብታ

እናንተ ባለመኪኖች፣ የሞተራችሁን ዘይት በጣታችሁ ከነካችሁ ስንት ጊዜያችሁ ነው?

በ1974 ዓ.ም. ናዝሬት ውስጥ የአንድ የመንግሥት ጭነት ድርጅት ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። የጋራዡ ኃላፊ ጋሽ ሰንበታ ሳይነኩት ከግቢ የሚወጣ መኪና አልነበረም። የዘይት መለኪያውን መዝዘው አንዲት ጠብታ ጋዜጣ ላይ ያሳርፋሉ። ጠብታዋ ካልተስፋፋች፣ ጠቁራ እንደ ጭቃ ከረጋች፣ ዘይቱ ሞቷል። አጠገቧ የታርጋ ቁጥር ጽፈው ጋዜጣውን ምስማር ላይ ይሰኩታል። ለምን ጋዜጣ? ቀኑ ታትሞበት ይመጣላ!

የዚያ ግቢ የናፍጣና የሞቀ ጎማ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ሹፌሮቹ ያሾፋሉ፦

«ጋሼ፣ ቅመሱት እንጂ!»

«ከሚስትህ ወጥ ሳይሻል አይቀርም!»

ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ጓድ ገሠሠ በቆርቆሮ የታሸገ መድኃኒት አስመጣ። ዘይቱ ላይ ከተጨመረ አሥራ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ያለ ቅያሬ ያስኬዳል ተባለ።

«ዘይት በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገባው፣ ጓድ ሰንበታ።»

«ሞተሩስ? እድፋም ውሃ ላይ ሽቶ ቢያፈሱበት ይጠጡታል?»

ሳቅን። ገሠሠ አልሳቀም፤ የዘይት ቅያሬውን አስቆመ።

በአራተኛው ወር፣ ሽንኩርት የጫነ መኪና መቂ ላይ ሞተሩ ነክሶ ቆመ። ስብሰባ ተጠራ፤ «የጋራዡ አሻጥር ነው» ተባለ። ጋሽ ሰንበታ ጋዜጦቻቸውን ታቅፈው ገቡ። የዚያ መኪና ዘይት እንደ ሞተ፣ «ይቀየር» ብለው እንደ ጻፉ፣ ሁሉም ከነቀኑ ጋዜጦቹ ላይ ሰፍሮ ነበር።

ገሠሠ አንዱን አነሳ። ጠብታዋ ያረፈችው የአብዮት በዓል ሰልፍ ፎቶግራፍ ላይ፣ ባንዲራው መሃል ነበር።

«በተቃጠለ ዘይት የአብዮቱን ባንዲራ?»

«ኧረ ጓድ! ጠብታዋን ይዩ እንጂ፣ ሥዕሉን ምን ያደርጉታል?»

ጠብታዋን ያየ የለም። ከሥራ ይባረር የሚል እጁን ያውጣ ተባለ። እኔም፣ ቆርቆሮዎቹን ከግምጃ ቤት ያወጣሁት እኔ፣ እጄን አወጣሁ። ጋሽ ሰንበታ ተባረሩ፤ ከዓመታት በኋላም «አሻጥረኛ» የሚለው ስም ሳይነሣላቸው ሞቱ። ጋዜጣውን ግን ከጠረጴዛው አንስቼ እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ።

ባለፈው እሑድ በሰፈራችን ዕድር ድንኳን ውስጥ፣ የጋሽ ሰንበታ ልጅ ሎሚ ተቀምጣ እየሰማች፣ ጡረተኛው ገሠሠ «ያኔ ሞተር የሚገድሉ አሻጥረኞች ነበሩብን» ሲል አወራ።

ገሠሠ! የሚመጣው እሑድ እዚያው ድንኳን ውስጥ ጋዜጣውን እዘረጋዋለሁ። የእኔን እጅ ጉዳይ እኔው እናገራለሁ። አንተ ደግሞ በሎሚና በዕድርተኛው ሁሉ ፊት ተነሥተህ፣ ጠብታዋን አይተህ መልስ፦ ያንን ሞተር የገደለው ማን ነው?