ከወደኋላ የሚታይ ድንጋይ

«አታፍጥጥበት፤ ገልብጠህ እየው» አሉት አንጥረኛው።

ደንበኛቸው በረዶ ሁለቱን አልማዞች በወረንጦ እያነሳ በታጠፈው ነጭ ወረቀት ላይ በፊታቸው ደፋቸው። አንደኛዋ ግማሽ ካራት ናት፤ ምስር ታክላለች። ሁለተኛዋ አንድ ካራት ከሩብ ትመዝናለች፤ ሽንብራ ለማከል ትንሽ ነው የቀራት። አንጥረኛው ወረቀቱን በቀስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ገፉት።

«አሁንስ?»

ትንሿ ከወረቀቱ ጋር ተመሳስላ ልትጠፋ ደረሰች። ትልቋ ግን ጎኗ ላይ ውሃ የበዛበት ሻይ መሰለች።

«ይቺኛዋ ወየብ ብላለች» አለ በረዶ።

«ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይባል የለ? ድንጋይም እንደዚያው ነው ልጄ። በፊቱ ሲያዩት ሁሉም ያብረቀርቃል፤ ቀለሙ የሚታወቀው ሲገለበጥ ነው። ዋጋቸው እኩል ነው። አንዷን መጠኗ አስወደዳት፣ አንዷን ንጣቷ። እንግዲህ ምርጫው ያንተ ነው።»

ይህን ለእሱ መንገር እንኳ አያስፈልግም ነበር። በረዶ የሚሉት ፍሪጅ ስለሚጠግን ነው፤ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ፍሪጅ እያዞረ ጀርባ ጀርባውን ሲያይ የኖረ ሰው ነው። ጠባዩ ግን ከስሙ ጋር አይገናኝም። ቶሎ ያልበዋል፣ ቶሎ ያፍራል፣ ሲያፍር ደግሞ እስከ ጆሮው ድረስ ይቀላል።

የትኛዋን መምረጥ እንዳለበትም ያውቃል። እጮኛው ባለፈው ሳምንት ፊት ለፊት ነግራዋለች። «ትንሽም ብትሆን ነጭ ትሁን። ቢጫማ ቀኑን ሙሉ ሳይ ነው የምውለው» ነበር ያለችው። እውነቷን ነው። ጥርስ ሠሪ ናት። ሐኪሙ የአፍ ልክ ይልክላታል፤ እሷ ደግሞ የጎደለውን ጥርስ ቀርጻ፣ ቀለሙን ከጎረቤቶቹ ጋር አመሳስላ ትልካለች። የናሙና ጥርሶች በተርታ የተሰኩበት መደርደሪያ አላት፤ ከወተት ነጭ ይጀምርና ቡናማ ላይ ያልቃል። ሰው ሁሉ «ነጭ» ብሎ በሚያልፈው ውስጥ እሷ አሥራ ስድስት ዓይነት ታያለች።

የተዋወቁትም በዚሁ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት የማቀዝቀዣ በር ተነቅሎ የፊት ጥርሱን ሰበረው። በረዶ፣ ዕድሜ ለሻይና ለሲጋራ፣ የቀሩት ጥርሶቹ እንደነገሩ ነበሩና አዲሱ እንኳ ከሁሉም ነጩ ይሁንልኝ አለ። እሷ ናሙናዋን አፉ አጠገብ ይዛ ብዙ ካየች በኋላ «ነጩን ብሠራልህ ሌሎቹን ያሳጣብሃል» አለችው። ከዚያ አንዱን ወየብ ያለ ናሙና አንስታ ሠራችለት። ዛሬ የትኛው የእሷ፣ የትኛው የእናቱ እንደሆነ እሱ ራሱ መስተዋት ፊት ቆሞ ይጠፋበታል። ሲስቅ አፉን በእጁ የመሸፈን ልማዱን ብቻ መተው አልቻለም።

ታዲያ እጁን ወደ ትልቋ ድንጋይ ምን ላከው? የታላቅ እህቷ ባል ነው የላከው። መለዋወጫ አስመጪ ነው፤ ቤቱም ድምፁም ሰፊ ነው። ባለፈው ወር ሰው በተሰበሰበበት «በረዶ ቀለበት ያሰረልሽ ዕለት እንዳይጠፋን አጉሊ መነጽር ገዝቼ እጠብቃለሁ» አለና ቤቱ በሳቅ ተሞላ። በረዶም አፉን ሸፍኖ አብሮ ሳቀ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበው ቀልዱ አይደለም፤ አብሮ መሳቁ ነው።

«ትልቋን» አለ።

አንጥረኛው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩት።

«ልጅቷ ትልቅ ትወዳለች?»

«ቢጫ ወርቅ ላይ ከተቀመጠች ቀለሟ አይታወቅም አይደል?»

«የጠየቅኩህን አልመለስክልኝም» አሉ አንጥረኛው። ቢሆንም ክርክር አልወደዱም። ወርቁ ትንሽ እንደሚደብቅላት፣ የሚያውቅ ዓይን ግን እንደማይሸወድ ነገሩት። ድንጋይዋን በተዘጋጀ ቀለበት ላይ ሰክተው ሲያስረክቡት ክብደቷና የቀለም ደረጃዋ የተጻፈበትን የምስክር ወረቀት ጨመሩለት። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሱቅ ነኝ። ትንሿን እስከዚያ ለማንም አልሰጥም» አሉት። በረዶ ቀለበቱን ከነሳጥኑ ደረት ኪሱ ውስጥ አደረገ። ወረቀቱን ግን አጣጥፎ በመሣሪያ ቦርሳው ውስጥ፣ ከፒንሳዎቹ ሥር፣ ማንም እጁን በማይሰድበት ቦታ ወሸቀው።

ቅዳሜ ስለሆነ ጥርስ ሠሪዋ የምትሠራው እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ሲደርስ መስኮቷ ሥር ተቀምጣ አንዲት የመንጋጋ ጥርስ ትቀባለች። ምሳ እህቷ ቤት ተጠርተዋል። በረዶ መንገድ ላይ ያጠናው ብዙ ነገር ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ሁሉም ጠፋበትና ሳጥኑን እንዲያው ከፍቶ ሰጣት።

ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ። ቀለበቱን አወጣችው፣ በፊቱ አየችው፣ ከዚያ የሙያ ነገር ሆኖባት ሳታስበው ጎኑን ወደ መስኮቱ አዞረችው።

«ነጭ ናት» አለ በረዶ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «አንደኛ ደረጃ ናት። አንጥረኛው ራሳቸው እንዲህ ዓይነት አይቼ አላውቅም ነው ያሉት።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቃሉን ሊመልሰው ቢፈልግ እንኳ መንገድ አልነበረውም። እሷ ቀለበቱን ዝቅ አድርጋ ለአፍታ እሱን አየችው።

«ትልቅ ናት» አለች።

«እንሂድ በይ፣ ረፍዷል» ብሎ ክንዷን ይዞ ከመስኮቱ አራቃት። ቀለበቱን ደረጃ እየወረዱ ነው ጣቷ ላይ ያጠለቀላት።

እህትየው በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው የመሣሪያ ቦርሳውን ነው። ፍሪጁ ሰሞኑን እንደሚያንጎራጉርና እግረ መንገዱን እንዲያይላት በስልክ ነግራው ነበር። ሙሽራም ጠጋኝም ሆኖ መጋበዝ ለበረዶ አዲስ አይደለም። ዛሬ ግን ደረቱን ነፍቶ ገባ። አስመጪው የጥርስ ሠሪዋን እጅ ሳበና ወደ ዓይኑ አስጠጋ፤ ከዚያ ደግሞ እጁን ዘርግቶ አራቀው።

«እሰይ በረዶ! ይቺስ መንገድ ማዶ ሆና ትታያለች። እኔ ነኝ የተዋረድኩት» አለ።

በረዶ ለአንድ አፍታ ወንበሩ ከፍ ያለለት መሰለው። ይህቺን አፍታ ነው የገዛው፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ ምሳው እስኪቀርብ እንኳ አልቆየችለትም። እህትየው ሳህን አስቀምጣ ስትመለስ፣ እንደ እህት ወጉ ነው፣ የራሷን ቀለበት ከታናሿ ቀለበት ጎን ደቀነችው። የእሷ ድንጋይ የታናሿን ግማሽ አይሆንም። ነጭ ነው፤ ጎን ለጎን ሲሆኑ ሕፃን እንኳ ይለያቸዋል።

«ዓይኔ ነው ወይስ ያንቺ ቢጫ ቢጫ ትላለች?»

በረዶን ማንኪያውን እያየ ላብ አጠመቀው።

«ቢጫ ናት» አለች ጥርስ ሠሪዋ ተረጋግታ። «እኔ ነኝ የመረጥኳት። ነጭ ድንጋይ የብርጭቆ ስባሪ ይመስለኛል።»

«አንቺ? ቀለም ዐዋቂዋ እህቴ?»

«አንተ በረዶ፣ ሸውደውህ ነው እንዴ?» አለ አስመጪው።

«ማንም አልሸወደውም፤ እኔ መረጥኩ አልኩ።»

አስመጪው ሳቁን ለቀቀው። እንግዲህ ጥርሱ ሲወልቅ ሌላ ሠሪ እንደሚፈልግ፣ ነጭና ቢጫ የማይለይ ሰው አፉን እንደማያስነካ ተናገረ። እህትየውም ሳቀች። ጥርስ ሠሪዋ ፈገግ ብላ እጇን ከጠረጴዛው ሥር ከተተች፤ ከዚያ በኋላ በአንድ እጇ ብቻ በላች። ስለ እጇ ሙያ ክፉ ሲባል አንድ ቀን ችላ የማታውቅ ሴት ናት። በረዶ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ይመርጥ ነበር። እሱ የዋሸው ለእሷ፣ እሷ የዋሸችው ለእሱ ነው፤ ሁለቱ ውሸቶች ግን አንድ ዓይነት እንዳልሆኑ ገባው።

ፍሪጁን አያለሁ ብሎ ተነሳ። ወጥ ቤት ገብቶ ፍሪጁን ከግድግዳው አላቀቀና ከጀርባው ተንበረከከ። የሚያንጎራጉረው አንድ የላላ ብሎን ነው፤ ሁለት ጊዜ ቢያዞረው ይበቃ ነበር። እሱ ግን አሥር ደቂቃ እዚያው ተደፍቶ ቆየ። እሷ ብርጭቆ ይዛ ገባች፤ ቧንቧውን ከፍታ ታጥብ ጀመር።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አላት ከፍሪጁ ኋላ ሆኖ።

«ሳጥኑን ስትከፍተው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«አንተስ ለምን ዝም አላልክም? እኔ ምንም ሳልጠይቅህ ነጭ ናት አልከኝ።»

አቧራውን በጣቱ ጠረገ።

«ቢጫዋን ወደድኩ ብትለኝ እኮ እወድልህ ነበር» አለች። «ባትወድልኝም ተጨቃጭቀን እንስቅ ነበር። ነጭ ናት ስትለኝ ግን ዓይንሽ አያይም ያልከኝ ያህል ነው። ከመስኮቱም ጎትተህ ወሰድከኝ። እኔ ደግሞ መስኮት ሥር ነው የምኖረው።»

«አሁን ለምን ዋሸሽልኝ ታዲያ?»

«ስትቀላ አላስችል አለኝ» አለችና ቧንቧውን ዘጋች። «ደጋግመህ ግን አታስዋሸኝ። እኔ ከቀለም ዓይኔ ሌላ ምንም የለኝም።»

ብርጭቆዎቹን እንደያዘች ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች። በረዶ ከተንበረከከበት ሲነሳ የግድግዳው ሰዓት ለአሥር ሩብ ጉዳይ ይላል። የመሣሪያ ቦርሳውን ከፈተ፤ ከፒንሳዎቹ ሥር የተወሸቀውን ወረቀት አወጣ። ቅባት ነክቶታል። ሱሪው ላይ ጠረገውና ወደ ሳሎን ተመለሰ።

አስመጪው ወንበሩን ወደ ኋላ ደግፎ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል። በረዶ ወረቀቱን ዘርግቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ሰው ሁሉ ሊያነበው በሚችልበት አኖረው።

«ጋሼ፣ ቀለሙን እሷ አልመረጠችውም» አለ። «እሷ ነጭ ነው ያለችኝ። እኔ ነኝ በትልቁ ልታይ ልታይ ያልኩት። ለእሷም ነጭ ናት ብዬ ዋሸኋት። እሷ ገና ሳጥኑን ስከፍተው ነው የለየችው። የእሷ ዓይን ስህተት የለበትም፤ ጥርስዎም ሲወልቅ ከእሷ የተሻለ አያገኙም።»

እህትየው አፏን በመዳፏ ያዘች። አስመጪው ስንጥሩን ከአፉ አወጣ።

«እና አሁን ምን ልታደርግ ነው?»

«ሱቁ ሳይዘጋ ሄጄ በትንሿ ልለውጣት።»

«ምን ታክላለች ደሞ ትንሿ?»

በረዶ እንደ ልማዱ እስከ ጆሮው ቀላ። ምን ለማለት እንዳሰበ ጠፋውና እውነቱን ተናገረ።

«ምስር።»

አስመጪው ጭኑን በጥፊ መታ። አጉሊ መነጽሩ አልቀረለትም ማለት ነው ብሎ ሳቀ፤ ሚስቱ በክርኗ ብትነካውም አላቆመም። በረዶም ሳቅ መጣበት፤ ሳቁን ከየት እንዳገኘው እንጃ። እጁ ወደ አፉ ሊሄድ ተነሳ፤ መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀየረና ወረቀቱን ከጠረጴዛው አነሳ።

«ይግዙት ጋሼ» አለ፣ ጥርሶቹ ሁሉ እየታዩ። «ደህናውን ይግዙ።»

ጥርስ ሠሪዋ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ሰምታለች። እጇን በልብሷ አደረቀች፣ ቀለበቱን አወለቀችና መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ብቻውን ሊወጣ ወደ በሩ ዞር ሲል ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አንስታ ተከተለችው።

«ቆየኝ» አለችው። «ከእንግዲህ ቀለም ልትመርጥ ብቻህን አትሄድም።»