አልጠፋም ያለው ኦቭን

የእሳት አደጋ መኪናው ለሦስተኛ ጊዜ ደጄ ላይ ሲቆም፣ ከሾፌሩ ወንበር ዘሎ የወረደው የገዛ ልጄ ዋረን ነበር። የትንሿ የወደብ ከተማችን የብላፍ እሳት አደጋ ቡድን በሙሉ በጎ ፈቃደኛ ነው፤ አለቃው ደግሞ እሱ ነው። ያን ሁሉ ሳይረን እያስጮኸ የመጣው ፓቭሎቫ ለሚባል የእናቱ ኬክ መሆኑ ነው። እሳት እንኳ አልነበረም፤ ጭስ ብቻ፣ መሀሉ ላይ ደግሞ እንደ ከሰል የጠቆረ ኬክ።

«እማዬ፣ ኦቭኑን ሳታጠፊ ወጣሽ?»

«አጥፍቼዋለሁ።»

«ባለፈውም እንደዚሁ ብለሽኝ ነበር።»

«ባለፈውም አጥፍቼዋለኋ!»

ከኋላው የቆሙት ሦስት ጎረምሶች ቦት ጫማቸውን ያጠኑ ጀመር። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፤ ሠላሳ ዓመት በዓሣ ፋብሪካው ምግብ ቤት ሳበስል አባቶቻቸውን ያበላሁ ሴት ነኝ። ሬይዊን ፓስኮ ምድጃ ረሳች ሲባል መስማት ለእኔ ሞት ነው።

ፓቭሎቫ ደግሞ ሞያ ይጠይቃል። የእንቁላሉን ነጭ ከስኳር ጋር መትተህ፣ በቀስታ ጋግረህ፣ ከዚያ ኦቭኑን ታጠፋና በሩን ሳትከፍት እዚያው ውስጥ እስኪቀዘቅዝ ትተወዋለህ። ቶሎ ካወጣኸው ይሰነጠቃል። ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ አጠፋለሁ፣ ዶሮዎቼን ልቀልብ እወጣለሁ፣ ስመለስ ነጭ ኬኬን አገኛለሁ። ስድሳ ዓመት እንዲህ ነው የኖርኩት። አሁን ግን ስመለስ የማገኘው ጭስ ሆነ።

ኦቭኑን የገዛልኝ ዋረን ነው፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ለልደቴ። ፊቱ ላይ ስክሪን አለው፤ ከኢንተርኔት ጋር ካልተገናኘ ያኮርፋል። መጋቢት ላይ አንድ ማሻሻያ ራሱ ላይ ጫነና አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ማስታወቂያ ላሳይዎት ይፈቅዳሉ ወይ አለኝ። «እስማማለሁ» የሚለው ቁልፍ መዳፍ ያክላል፤ አረንጓዴ ነው። «አልስማማም» የሚለውን ለማግኘት መነጽሬን ደርቤ ዳሰስኩ። አግኝቼም ተጫንኩት። በገዛ ወጥ ቤቴ ማን ደፍሮ ነው ሳሙና የሚሸጥልኝ?

እሱ ግን ዝም አላለም። ከዚያ ወዲያ ምግብ ሳበስል ጸጥ ይልና፣ «አጥፋ» የሚለውን ስጫን ማስታወቂያ ይለቅብኛል። መጀመሪያ የእንቁላል መምቻ፣ ከዚያ የዶሮ መኖ። ጀርባዬን ሰጥቼው እወጣ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ግን አዲስ ነገር መጣ። አንዲት ፀጉሯ የነጣ ሴት ሰላጣ እያየች ትስቃለች፣ በስተጀርባዋ አንድ ድምፅ፣ «የተረጋጋ ዕድሜ፣ ከሚንከባከብዎ ጋር!» ይላል። የአረጋውያን መኖሪያ ነው፣ እዚሁ አጠገባችን ባለችው ከተማ፣ ኢንቨርካርጊል።

ለጎረቤቴ ለናይሪ ሳወራላት የማስቃት መስሎኝ ነበር። ናይሪ ኦይስተር የሚባለውን የባሕር ዛጎል የሚያጠምዱት ጀልባዎች ኤሌክትሪሺያን ናት፤ ሃምሳ አምስት ዓመቷ፣ እጇ ሁልጊዜ ግራሶ። እንደ ሕዝቧ፣ እንደ አገሩ ነባሮች እንደ ማኦሪዎቹ ወግ እኔን አክስቴ ትለኛለች። እሷ ግን አልሳቀችም።

«አክስቴ፣ ማስታወቂያ ዝም ብሎ አይመጣም። ከዚህ ቤት ኢንተርኔት ላይ አንድ ሰው የአረጋውያን መኖሪያ እየፈለገ ነው።»

«እኔ ስልኬ እንኳ ቁልፍ ያለው ነው።»

«እሱን አውቃለሁ። ሌላ ማን እዚህ ይጠቀማል?»

እሁድ እሁድ ለምሳ ሲመጣ ስልኩን አቀርቅሮ የሚነካካ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።

እሁድ ደረሰና ሥጋውን ሳልቆርጥለት ጠየቅኩት። ዋረን መዋሸት አይችልም፤ ልጅ ሆኖም ጆሮው ይቀላ ነበር። ክፍል ተይዞልኛል። የቤት ገማቹ ከገና በፊት ባለው ሐሙስ ይመጣል። ቤቱ ይሸጣል።

«ሳትጠይቀኝ?»

«እንዴት ብዬ ልጠይቅሽ? እማዬ፣ አንድ ቀን በዚያ መኪና መጥቼ ከዚህ ቤት የማወጣው ኬክ ባይሆንስ?» ስድሳ ዓመት ሊሞላው የቀረበ፣ በር የሚያክል ሰው፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ ተቀምጦ አለቀሰ።

ብቆጣ ይቀለኝ ነበር። ግን እንባውን ሳይ የራሴን እጅ አየሁና፣ እውነት አጥፍቼው ነበር ወይ ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴን ተጠራጠርኩ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም። ሰው ቤቱን ቢያጣ አንድ ነገር ነው፤ ራሱን ማመን ሲያቅተው ግን የት ይገባል?

ይህንን ለናይሪ ስነግራት ቡናዋን ጠረጴዛው ላይ ደሰቀችው።

«አጥፍቻለሁ ካልሽ አጥፍተሻል። ማሽኑን ራሱን ነው የምንጠይቀው።»

የኦይስተር ወቅት ነሐሴ ላይ ሲያልቅ ናይሪ ጋራዧ ውስጥ ትገባለች። እዚያ ፕሮግራም ትጽፍና ለዓለም በነጻ ትለቃለች፤ ማንም ይውሰደው፣ ማንም ያሻሽለው ብላ። እንደ እሷ ያሉ ሺዎች አሉ፤ ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ያርማል። ስንት ጊዜ፣ «በነጻ? ምን ነካሽ?» ብዬ አሹፌባታለሁ። አሁን የኦቭኔን ፊት ስትነካካ ቆይታ ፈገግ አለች።

«እንዲህ ነዋ! ሰዓቱ የእኔ ነው።»

«የምን ሰዓት?»

«ኦቭንሽ ሰዓት የሚቆጥርበትን ነገር ከዘጠኝ ዓመት በፊት እኔ ነኝ የጻፍኩት። ወስደውታል። ይውሰዱ፣ ተፈቅዷል። ግን ፈቃዱ ላይ አንድ ቃል አለ፤ በእኛ ሥራ ላይ ገንብቶ የሚሸጥ ሰው፣ የዕቃው ባለቤት ሲጠይቀው የፕሮግራሙን ሆድ ዕቃ ከፍቶ ማሳየት አለበት። ባለቤቷ አንቺ ነሽ። ጠይቂያ።»

ደብዳቤውን እሷ ጻፈችው፤ እኔ ፈረምኩ። በሦስተኛው ሳምንት መልስ መጣ። አንድ ሰነፍ ጸሐፊ ይሁን ቸኳይ አላውቅም፣ የተጠየቀውን መርጦ እንደመስጠት ጓዳውን በሙሉ ዘርግፎ ልኮልናል። ናይሪ አራት ቀን አቀርቅራ አነበበች። በአምስተኛው ቀን በአጥሩ ላይ ጮኸች፤ ዶሮዎቼ በረገጉ።

ኩባንያውን ከሰስነው። ኢንቨርካርጊል ያለችው የአነስተኛ ክርክር ችሎት ጠበቃ አታስገባም። ሁሉም የራሱን አፍ ብቻ ይዞ ይገባል። ቀጠሮው ከገማቹ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ማክሰኞ ላይ ዋለልን። ዋረንን ና አልኩት፤ እንዳላዝን ብሎ መጣ እንጂ አምኖኝ አልነበረም። ኦቭኑን ከናይሪ ፒክአፕ ላይ ሲያወርድልን እንኳ፣ «እማዬ፣ ይቅርብሽ፣ ታፍሪያለሽ» ይለኝ ነበር።

ዳኛዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችን።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምስክሬ ነው» አልኳት።

ከኩባንያው የመጣው ሰው ብራንት ይባላል፤ ከኦክላንድ በአውሮፕላን የመጣ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ትሑት ሰው። ወረቀት አወጣ። በመዝገባቸው መሠረት እሳት አደጋው ለሦስተኛ ጊዜ በመጣበት ቀን ኦቭኑ የጠፋው ከቀኑ 9፡52 ነው፤ እኔ አጠፋሁት ከምለው ሰዓት አርባ ደቂቃ ዘግይቶ። «ወይዘሮ ፓስኮን እናከብራለን» አለ። «በዚህ ዕድሜ መርሳት ያለ ነገር ነው። የማንም ጥፋት አይደለም።»

ከኋላዬ ዋረን በረዥሙ ሲተነፍስ ሰማሁት። ፊቴ ነደደ። ናይሪ ግን ሊጫወት የተቀመጠ ሰው መስላ ነበር።

«መዝገቡ የሚይዘው ቁልፉ የተጫነበትን ሰዓት ነው ወይስ ሙቀቱ የተቋረጠበትን?»

«ያው ነው፤ አንድ ነው» አለ ብራንት።

«አንድ ከሆነ ይህችን ያንብቡልን።» ወረቀቱን አቀበለችው። አየና ሳያነብ መልሶ ዘረጋው። ዳኛዋ ተቀብላው ራሷ ጮክ ብላ አነበበችው። ፕሮግራሙን የጻፈው መሐንዲስ ለባልደረቦቹ የተዋት ማስታወሻ ናት፦

«ማስታወቂያ አልፈልግም ላሉ ደንበኞች፦ ‹አጥፋ› ሲሉ መጀመሪያ ማስታወቂያው ይታይ፤ ሳያልቅ ሙቀቱ አይቋረጥ። ኢንተርኔቱ ደካማ ከሆነ ብዙ ሊቆይ ይችላል። አደገኛ ይመስለኛል። በኋላ እናስተካክለው።»

ብላፍ ላይ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ኢንተርኔቱ እንደሚንቀራፈፍ የማያውቅ እዚያ ክፍል ውስጥ ብራንት ብቻ ነበር።

«ይህን ከየት አገኛችሁት?» አለች ዳኛዋ።

«ራሳቸው ላኩልን» አለች ናይሪ። «ማህተማቸው ፖስታው ላይ አለ።»

«እንየዋ» አለች ዳኛዋ፣ ወደ ኦቭኑ እያየች።

ሶኬት ላይ ሰካነው፤ ኢንተርኔቱን እንደ ብላፉ ከሚንቀራፈፈው ከናይሪ ስልክ ሰጠነው። ሲግል ጊዜ ተነስቼ በሁሉም ፊት «አጥፋ»ን ተጫንኩ። ያቺ ሴት መጣች። ሰላጣዋን እያየች ልትስቅ ስትል ምስሉ ቆመ፤ አንዲት ክብ ነገር ትሽከረከር ጀመር። መስታወቱ ውስጥ ያለው ብረት እንደ ፍም እንደቀላ ነው።

ዋረን ከኋላ ተነሳ። ማንም አልጠራውም። መዳፉን ወደ መስታወቱ አስጠግቶ ያዘና በሌላ እጁ ሰዓቱን አየ፤ በሥራው ላይ ሳለ እንደሚቆመው አድርጎ ቆመ። ሁለት ደቂቃ። አምስት ደቂቃ። ዘጠኝ ደቂቃ። ብራንት ከረባቱን ላላ አደረገ። አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ዳኛዋ፣ «በቃ፣ ንቀሉት» አለች።

«ክብርት ዳኛ» አለ ዋረን፣ «እኔ የብላፍ እሳት አደጋ አለቃ ነኝ። እዚያ ቤት ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ሪፖርቱ ላይ ‹ባለቤቷ ረስታ› ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።» መዳፉን ከመስታወቱ አነሳ። «ተሳስቻለሁ። እናቴ አጥፍታው ነበር።»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እዚያው ማልቀስ አማረኝ፤ ለብራንት ደስታ እንዳይሆን ብዬ ዋጥኩት።

ዳኛዋ ብዙ አላስጠበቀችንም። ኦቭን ማለት ሲያዙት የሚበራ፣ ሲያዙት የሚጠፋ ዕቃ ነው፤ ይሄኛው የሸማቾች ሕጉ የሚጠይቀውን አያሟላም፤ ኩባንያው የተከፈለውን ሙሉ ዋጋ ይመልስ አለች። ሌላ የምፈልገው ነገር ካለ ጠየቀችኝ።

«አንዲት ዓረፍተ ነገር» አልኳት። «ውሳኔው ላይ ትጻፍልኝ።»

ጻፈችው። ዛሬ ማቀዝቀዣዬ ላይ ተለጥፏል፦ ወይዘሮ ሬይዊን ፓስኮ አልረሱም።

ከፍርድ ቤቱ ደረጃ ሳንወርድ ዋረን ስልኩን አወጣና ለገማቹ ደወለ። ድምፁን ሆን ብሎ ከፍ አደረገው፤ መንገደኛው ሁሉ ሰማ። «ሐሙስ እንዳትመጣ። አይ፣ ሌላ ቀንም አይደለም። እናቴ ቤቷ ውስጥ ናት።»

ብራንት ኦቭኑን መልሶ ሊወስደው አልፈለገም፤ የሚያየው እንኳ አይመስልም ነበር። ናይሪ ወደ ጋራዧ ወሰደችውና ማስታወቂያውን ነቅላ አዲስ ፕሮግራም ሰጥታ መለሰችልኝ፤ ፕሮግራሙንም እንደ ልማዷ ለዓለም በነጻ ለቀቀችው። ለካ እንደ እኔ «አልስማማም» ያሉ እልኸኞች ብዙ ኖረዋል! ከኔልሰን፣ ከታዝማኒያ፣ ከፊጂ ይጽፉላት ጀመር፤ አንዷ የሱቫ ሴትዮ ባሏ ረሳሽ እያለ ሲጨቀጭቃት እንደከረመ ጽፋ አሥር መስመር ሙሉ ሰደበችው። ሳምንት ሳይሞላ ኩባንያው ያችን ትእዛዝ ከሁሉም ኦቭኖቹ ላይ አነሳ።

ገና ደረሰ። በጠራራው የበጋ ፀሐይ የእሳት አደጋው ቡድን በሙሉ ግቢዬ ውስጥ ተሰብስቦ ሳለ «አጥፋ»ን ተጫንኩ፤ ስክሪኑ ወዲያው ጠቆረ። ዶሮዎቼን ቀልቤ ስመለስ ፓቭሎቫዬ እንደ በረዶ ነጭ ነበር። ክሬሙንና የኪዊ ፍሬውን ጭኜ ሳቀርበው እነዚያ ሦስት ጎረምሶች አጨበጨቡ።

ዋረን ግን ጥግ ይዞ ስልኩ ላይ አፍጥጧል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ይቺ ሴትዮ!» አለና ስልኩን አሳየኝ። ፀጉሯ የነጣ ናት፣ ሰላጣዋን እያየች ትስቃለች። «በከፈትኩት ሁሉ ላይ ትመጣብኛለች። የተረጋጋ ዕድሜ ትለኛለች። እኔን!»

ትልቁን የኬክ ቁራሽ ሳህኑ ላይ ጣልኩለትና መነጽሬን ከአንገቴ አውልቄ አቀበልኩት።

«እንካ» አልኩት። «‹አልስማማም› የምትለው ቁልፍ ከታች ጥጉ ላይ ናት። ትንሽ ናት፣ ግን አለች።»